የከበረ ድንጋይ እጀታ ያለው ቢላዋ በእጅ መሥራት፦ ከባሌስትራ እስከ ኢያስጲድ

የከበረ ድንጋይ እጀታ ያለው ቢላዋ ሲቀርብ የሁሉም ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ድንጋዩ ላይ ነው። ሠሪው ግን ከብረቱ ይነሣ። በቢላዋው ላይ ድንጋዩ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ክቡር ቦታ ላይ ይቀመጣል እንጂ ሸክም አይሸከምም። እንጨትና ቀንድ ቢመቱ ይችላሉ፣ ቢጠመዘዙም ትንሽ ይለጠጣሉ። ድንጋይ አንዴ ከተሰነጠቀ ግን አለቀለት። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሥራ ሁሉ የመዶሻ ምት፣ የሚስማር ግፊትም ሆነ የእሳት ሙቀት ድንጋዩ ጋ እንዳይደርስ ተደርጎ የታሰበ ነው።

ጎንደር ላይ ሆኖ ይህን ለመሥራት ከውጭ አገር ዕቃ ማስመጣት የግድ አይደለም። ብረቱ ከጋራዥ፣ ናሱ ከጋዝ ብየዳ ቤት፣ የድንጋይ ማለስለሻው ከእብነ በረድ ሠራተኞች፣ ቆዳው ከቅዳሜ ገበያ ይገኛል። የሚያስቸግረው ትዕግሥቱ ነው።

ንድፉ

መጀመሪያ በወፍራም ካርቶን ላይ በትክክለኛ ልኩ ይሣሉትና ቆርጠው በእጅዎ ይያዙት። ለመጀመሪያ ሥራ የምመክረው ስለቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ እጀታው 11.5 ሳንቲ ሜትር፣ የብረቱ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቢላዋ ነው። እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ የእጀታውን ቅርጽ ይዞ እስከ መጨረሻው ይዝለቅ። ቀጭን ጭራ ሰክቶ በሙጫ መሙላት ለቀንድና ለእንጨት ይሆናል፤ ድንጋይ ግን መሃሉ ሲቦረቦር ግድግዳው ይሳሳና መሰንጠቂያውን ይጠብቃል።

በጭራው ግራና ቀኝ፣ ከፊት 15 ሚሊ ሜትር፣ ከኋላ 12 ሚሊ ሜትር የሚረዝም የናስ ማቀፊያ ይኖራል። ሚስማሮቹ የሚያልፉት በናሱ ውስጥ ብቻ ነው። በሁለቱ ናሶች መሃል የሚቀረው 88 ሚሊ ሜትር የድንጋዩ ቦታ ነው። ብዙ ሰው ድንጋዩን ራሱን በስቶ ሚስማር ያሳልፍበታል። እኔ አልወደውም፤ ቀዳዳ ባለበት ስንጥቅ መነሻ ያገኛል፣ ሚስማሩ ሲደበደብም ጉዳቱ ወዲያው ባይታይ ከወር በኋላ ይታያል።

ክብደቱንም አስቀድመው ያስቡ። ኢያስጲድና አጌት የሚባሉት የከበሩ ድንጋዮች ጥግግት በኩቢክ ሳንቲ ሜትር 2.6 ግራም ገደማ ነው። 88 በ24 በ8 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ጠፍጣፋ ቁራጮች ከመክበባቸው በፊት 90 ግራም ይጠጋሉ፤ የዚያው መጠን ወይራ 30 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ድንጋዩ በሚያርፍበት የጭራው ክፍል ላይ አራት ወይም አምስት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎችን ይብሱ። ብረቱ ይቀልላል፣ ሙጫውም ከግራ ወደ ቀኝ አልፎ ሁለቱን ድንጋዮች ያያይዛል።

ድንጋዩን መምረጥ

እዚህ ላይ ቸኩሎ ገንዘብ የሚያወጣ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሐሳብ ሁልጊዜ ኦፓል ነው። ኦፓል ኩራታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ወሎ ደላንታ ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ ዓለም ያውቀዋል። ለእጀታ ግን አስቸጋሪ ነው። የድንጋይን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካው በሞህስ መለኪያ ጥንካሬው ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ በአሸዋ ብናኝ እንኳ ይጫራል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ የወሎ ኦፓል ውኃ የሚጠጣ መሆኑ ነው። እየረጠበ ሲሠራ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስተዋት ይሆናል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። በርበሬ ያለበት ዘይት ቢነካው ግን ዘይቱንም ይጠጣል፤ ያኔ ቀለሙ ላይመለስ ይችላል። ኦፓል የግድ ካሰኘዎት በኋለኛው ናስ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረው እንደ ፈርጥ ያስቀምጡት። እጅ የሚጨብጠው ቦታ አይሁን።

ለጀማሪ የምመርጠው ኢያስጲድን ነው። ብርሃን አያሳልፍም፣ ጥንካሬው ከ6.5 እስከ 7 ነው፣ ሲለሰልስ ያበራል፣ ዋጋውም ከኦፓል ጋር አይወዳደርም። አጌትና ኬልቄዶንም እኩል ጥሩ ናቸው። ውስጣቸው በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ክሮች የተጠላለፈ ስለሆነ ከአሜቴስጢኖስና ከሌላው የኳርትዝ ዓይነት ይልቅ ምት ይችላሉ። እነዚህ ድንጋዮች በእሳተ ገሞራ ዐለት ክፍተቶች ውስጥ ሲሊካ ሲጠራቀም የሚፈጠሩ ናቸው፤ ጎንደርም የተቀመጠችው በባዛልት ላይ ነው። ክረምት ሲወጣ ወንዝ ዳር የሚሄድ ሰው እግሩ ሥር ማየት አይከፋውም። ያገኙት ድንጋይ ጠርሙስ ከጫረና የቢላዋ ጫፍ ካልጫረው ተስፋ አለው።

ባልጩት ደግሞ የራሱ ሞገስ አለው። ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ጋደሞታ ላይ ሰዎች ከ270,000 ዓመት በፊት ባልጩት እየጠረቡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ዞሮ ዞሮ ግን ባልጩት ተፈጥሯዊ መስተዋት ነው፤ ቢላዋው ሲሚንቶ ወለል ላይ ከወደቀ ስብርባሪውን ይጠርጋሉ። ለግድግዳ ጌጥ እንጂ ለማጀት ቢላዋ አልመክረውም።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልበል። ፋሲል ግቢ ሲገቡ የጠቆረውን የባዛልት ግንብ በሮችና መስኮቶች የከበበውን ወይን ጠጅ መሳይ ድንጋይ ልብ ይበሉ። ያ ድንጋይ ራሱ ለስላሳና ባለ ቀዳዳ ስለሆነ ለእጀታ አይሆንም፤ ቢሆንም እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ግቢ ጠጠርም አይነሣም። የቀለሙን አዋዋል ግን መቅዳት ይቻላል፦ ጥቁር ግራጫ ብረት፣ ቀይ ኢያስጲድ፣ በመሃል ቀጭን የናስ ቢጫ።

ሲገዙ ድንጋዩን በውኃ አርጥበው ሲደርቅ ይመልከቱት። ስንጥቅ ካለው ዙሪያው ደርቆ ስንጥቁ እንደ ጥቁር ክር ረጥቦ ይቆያል። ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ የስልክዎን መብራት ከኋላው ያብሩበት። ሻጩ ደስ ባይለውም ይህን ሳያደርጉ አይክፈሉ።

ብረቱ

አሮጌ የመኪና ባሌስትራ ይበቃል። አብዛኛው ባሌስትራ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን ስላለው ይጠነክራል። ፌሮ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ቢቀጠቅጡት ቅርጽ ይይዛል፣ ስለት ግን አይይዝም። ለማረጋገጥ ከባሌስትራው ትንሽ ቁራጭ አግለው ዘይት ውስጥ ይንከሩትና በሞረድ ይሞክሩት። ሞረዱ ካንሸራተተ ብረቱ ጥሩ ነው፤ ከነከሰው ሌላ ይፈልጉ። በዓይን የሚታይ ስንጥቅ ያለውን ወይም ከተሰበረበት ቦታ አጠገብ ያለውን ክፍል አይጠቀሙ።

የራስዎ ወናፍና መስፍ ከሌለዎት ወደ ቀጥቃጭ ይሂዱ። ይህ አገር በሞፈርና በማረሻ ሲኖር፣ ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ደግሞ ቡዳ እያለ ሲሸሽ ኖሯል። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የወለቃ ቤተ እስራኤላውያን ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎችም ይህን ስም ተሸክመው ነው ጎንደርን ያገለገሏት። ስለዚህ ሲሄዱ ካርቶኑን ይዘው፣ በአክብሮት፣ የሚፈልጉትን በግልጽ ይንገሩ፦ «ጋሼ፣ ጭራውን አያቅጥኑብኝ፤ ከዳር እስከ ዳር 4 ሚሊ ይሁንልኝ።» ልማዱ ጭራን ማሾል ስለሆነ ይህን ካልተናገሩ የሾለ ጭራ ይዘው ይመለሳሉ።

ራስዎ የሚቀጠቅጡ ከሆነ ብረቱ የብርቱካን ቀለም ሲይዝ ይምቱ፤ ደብዛዛ ቀይ ሲሆን ያቁሙና ወደ እሳቱ ይመልሱ። ቀዝቅዞ የተመታ ብረት ውስጡ ይሰነጠቃል። ቅርጹ ሲያልቅ ሦስት ጊዜ እያጋሉ በአየር ላይ ያቀዝቅዙት። በመጨረሻ አግለው ደረቅ አመድ ውስጥ ቀብረው ያሳድሩት። ጠዋት ለስላሳ ሆኖ ያገኙታል፤ በሴጌቶ ይቆረጣል፣ በሞረድ ይሞረዳል፣ በድሪል ይበሳል። የሚስማሮቹንና የማቅለያውን ቀዳዳዎች አሁን ይብሱ፤ ከተጠነከረ በኋላ መብሻ ይጨርሳሉ። የስለቱን ጠርዝ ግን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይተዉለት፤ ከሳሳ እሳት ውስጥ ይጣመማል።

ማጠንከርና ማለዘብ

ሦስት ሊትር ያህል የምግብ ዘይት በብረት ዕቃ ያዘጋጁ፤ ኑግም ሆነ ሌላ የአትክልት ዘይት ይሠራል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጭሱ መርዝ ስለሆነ ይተዉት። የጋለ ቁራጭ ብረት ነክረው ዘይቱን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሙቁት፤ የሞቀ ዘይት ይቀጥናል፣ ብረቱንም እኩል ያቀዘቅዛል። ክዳንና አሸዋ አጠገብዎ ይኑር። ዘይት ቢቀጣጠል ውኃ አይደፉበት።

ስለቱን በከሰል እሳት ሲያግሉ ማግኔት ይያዙ። ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መሳብ ያቆማል። ከዚያ ቀለሙ ጥቂት ደመቅ እስኪል ይጠብቁና ጫፉን ወደ ታች አድርገው ቀጥ ብሎ ዘይቱ ውስጥ ይንከሩት። ወደ ጎን አያማቱት፤ ይጎብጣል። ፀሐይ ላይ የብረትን ቀለም መለየት ስለማይቻል ይህ ሥራ ጥላ ውስጥ ወይም ሲመሻሽ ይሠራ። ጭራው ሳይጠነክር ቢቀር ይሻላል።

ከዘይት የወጣው ብረት እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው፤ ሳያድር ይለዝብ። በዳቦ መጋገሪያ ኦቭን 200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት፣ ቀዝቅዞ እንደገና ሁለት ሰዓት። አስቀድመው አንድ ጎኑን በብርጭቆ ወረቀት ካበሩት ቀለሙ ወደ ደረቅ ገለባ ሲለወጥ ያያሉ። ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ሙቀቱ አልፏል፤ ለስለት ለስልሷል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ቢላዋው እሳት አያይም። ድንጋዩ የሚመጣው እሳቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ነው።

የናሱ ማቀፊያ

8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ናስ አራት ቁራጮች ይቁረጡ። ለሚስማር በጋዝ ብየዳ ቤት የሚጠቀሙበት 3.2 ሚሊ ሜትር የናስ ዘንግ ይሆናል። የቀዳዳዎቹን አፍ በውጭ በኩል ትንሽ ያስፉት፣ ዘንጉ ከሁለቱም ወገን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይትረፍ፣ ከዚያ በመስፍ ላይ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ደብድበው ያስፉት። ሲሞረድ ሚስማሩ ከናሱ ጋር አንድ ሆኖ ይጠፋል። በዚህ ሥራ መዶሻ የሚነሣው እዚህ ድረስ ነው።

ወደ ድንጋዩ የሚዞሩት የናሶቹ ፊቶች ፍጹም ቀጥ ያሉና እርስ በርስ ትይዩ ይሁኑ። አንዳንድ የረቀቁ ሠሪዎች ፊቱን ወደ ድንጋዩ ዘመም አድርገው ድንጋዩን ከላይ እንዲይዘው ያደርጋሉ፤ ያማረ ሥራ ነው፤ ለሁለተኛው ቢላዋዎ ያቆዩት።

ድንጋዩን መቁረጥና መግጠም

ከመቁረጥ በፊት ስለ አቧራው። የኢያስጲድ፣ የአጌትና የኳርትዝ አቧራ ሲሊካ ነው። ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ድንጋይ በደረቁ አይቆረጥም፣ አይሞረድም። ማስክ ያድርጉ፣ ግን በማስክ ብቻ አይተማመኑ፤ አቧራውን የሚገድለው ውኃ ነው። ከሥራ በኋላ ጭቃውን ሳይደርቅ ያጽዱ፤ ከደረቀ ተመልሶ አቧራ ይሆናል፣ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ።

ለመቁረጥ የሚመቸው የሴራሚክ ንጣፍ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ከሥሩ የውኃ ገንዳ ያለው ማሽን ከአልማዝ ዲስክ ጋር ነው። በእጅ በሚያዝ ግራይንደር ላይ ውኃ ማፍሰስ በኤሌክትሪክ መጫወት ነው። ማሽኑን ለመግዛት አይቸኩሉ፤ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው በአንድ ከሰዓት ይቆርጥልዎታል። ድንጋዩን በእጅዎ እየገፉ አይጫኑት፣ ዲስኩ በራሱ ፍጥነት ይብላ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ደግሞ ይበልጥ ያዝግሙ፤ ጠርዝ የሚሰበረው ያኔ ነው።

ቁራጮቹን ከሚያስፈልገው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል አስረዝመው ይቁረጡ። አሁን ረጅሙ ሥራ ይጀምራል። በጠፍጣፋ የአልማዝ ማለስለሻ ላይ ውኃ እያፈሰሱ ጫፉን ትንሽ ይፈጉ፣ ቦታው ላይ ይሞክሩ፣ እንደገና ይፈጉ። ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ከኋላ አብርተው በናሱና በድንጋዩ መካከል የብርሃን መስመር ካዩ አልገጠመም። ድንጋዩ በጣት ግፊት መግባት አለበት፤ ከጠበቀ በግድ አይክተቱት። ፀሐይ ላይ ናስ ከድንጋይ በተለየ መጠን ስለሚለጠጥ የፀጉር ውፍረት የምታህል ለሙጫ የምትሆን ቦታ ትጠቅመዋለች።

የድንጋዩ ጀርባ ጠፍጣፋ ይሁን እንጂ አይለስልስ። በ80 ቁጥር ማለስለሻ (ቁጥሩ ሲያንስ ይሻክራል) ይተዉት፤ ሙጫ የሚይዘው ሻካራ ገጽ ነው።

ማጣበቅ

በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ኤፖክሲ ሙጫ ይተዉት፤ ቀስ ብሎ በ24 ሰዓት የሚደርቀውን ይጠቀሙ። ብረቱንም ድንጋዩንም ከመድኃኒት ቤት በተገዛ ንጹሕ አልኮል ይጥረጉ። ለጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸጠው አሴቶን ብዙ ጊዜ ቅባት ስላለው ሙጫውን ያስለቅቃል። ድንጋዩ በደንብ ይድረቅ፤ ኦፓል ከሆነ ከውኃ ከወጣ በኋላ ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀናት ይቆይ።

ኬልቄዶን ወይም ስስ አጌት ከሆነ ከሥሩ ያለው ነገር ይታያል። ሙጫው ውስጥ ጥቂት የላመ ጥላሸት ቢደባልቁ ጀርባው ጥቁር ይሆንና ቀለሙ ይጎላል፤ ትናንሽ ክፍተቶችም ይሸፈናሉ። መቆንጠጫውን በቆዳ ቁራጭ ሸፍነው በጥቂቱ ብቻ ያጥብቁ። ከመጠን በላይ ከተጠበቀ ሙጫው ሁሉ ይወጣና ድንጋዩ በባዶ ብረት ላይ ይቀመጣል። በሐምሌና በነሐሴ የጎንደር ሌሊት ለኤፖክሲ ቀዝቃዛ ነው፤ ቤት ውስጥ፣ ሞቅ ባለ ቦታ ሁለት ቀን ይቆይ።

ቅርጽ ማውጣትና ማለስለስ

ስለቱን በጨርቅና በፕላስተር ይጠቅልሉ። እብነ በረድ ሠራተኞች በውኃ የሚጠቀሙባቸው የአልማዝ ማለስለሻዎች ከ50 ጀምረው 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1500፣ 3000 እያሉ ይሄዳሉ። ቅርጹን በ50 ያውጡ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቁጥር የፊተኛውን ጭረት ከማጥፋት ሌላ ሥራ የለውም፤ ስለዚህ ቁጥር ሲቀይሩ አቅጣጫም ይቀይሩ፣ የቀድሞው ጭረት ተሻግሮ ይታያል። የረጠበ ድንጋይ ሁልጊዜ ያማረ ይመስላል። አድርቀው በመስኮት ብርሃን ካላዩት አይፍረዱ።

ዋናው ችግር ናስ ከድንጋይ ቶሎ መበላቱ ነው። በለስላሳ ስፖንጅ ከፈጉት ናሱ ይጎደጉድና በድንበሩ ላይ ጣት የሚያደናቅፍ ደረጃ ይፈጠራል። ማለስለሻውን ቀጥ ባለ እንጨት ላይ ለጥፈው፣ ናሱንና ድንጋዩን አንድ ላይ በረጅም እንቅስቃሴ ይፈጉ። ጣትዎ ሁልጊዜ ድንጋዩ ላይ ይሁን፤ ሙቀቱ ጣትዎን ካስለቀቀ ሙጫውም ሊለሰልስ ነውና አቁመው ያቀዝቅዙ።

የመጨረሻው ብርሃን በሴሪየም ኦክሳይድ፣ በረጠበ ቆዳ ላይ ነው። ዱቄቱ መስተዋት ለሚያለሰልሱ ሰዎች የሚሸጠው ነው። ውኃ ጨምረው እንደ ሊጥ ያድርጉት፣ ቆዳው ከመድረቁ ጥቂት ቀደም ብሎ መያዝ ሲጀምር ያኔ ነው የሚያበራው።

ስለትና አፎት

ስለቱ በመጨረሻ ይሳላል፤ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ለባሌስትራ ብረት ይስማማል። አፎቱን ከወፍራም ቆዳ ሲሰፉ ቢላዋውን ጨብጦ የሚይዘው በስለቱና በፊተኛው ናስ በኩል ይሁን፤ ድንጋዩ ከቆዳው ውጭ ይቅር። ሥጋ ወይም ሎሚ ከቆረጡበት ወዲያው ጠርገው ያድርቁት፣ ይህ ብረት ይዝጋል። የፈላ ውኃ ውስጥ አይንከሩት፣ ምድጃ ዳርም አያስቀምጡት።

ድንጋዩ ቢሰበር

ሚስማሩ በናሱ ውስጥ ብቻ ስላለፈ አንዱ ድንጋይ ቢሰነጠቅ ቢላዋው አልሞተም። ስለቱን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለው እጀታውን በሞቃት አየር ማሽን ቀስ እያሉ ያሙቁት፤ ኤፖክሲው 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ስብርባሪውም በቀጭን ብረት ይነሣል። የዓይን መነጽርና ጓንት ያድርጉ፣ መስኮቱን ይክፈቱ። የቀረውን ሙጫ ፍቀው፣ ብረቱን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሻክረው፣ አዲሱን ቁራጭ በዚያው ቦታ ልክ ይቁረጡ። በሌላው ወገን ያለው ድንጋይ በማቅለያው ቀዳዳዎች በኩል በሙጫ ስለተያያዘ ሙቀቱ እሱንም ሊያላቅቀው ይችላል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ድንጋይ ሁለት ሳይሆን አራት ጠፍጣፋ ቁራጮች አስቆርጠው ሁለቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡ።